አንድ ፀሐይ፣ ሁለት ሰዓት

የ2009 ዓ.ም. ረመዳን ነበር። ከእኛ መካከል አንዱ፣ የአሶሳው ልጅ፣ ያኔ አዲስ አበባ የኮምፒዩተር ተማሪ ነው። ለአባቱ ስጦታ ይሆናል ብሎ የሶላት ሰዓት የሚያሳውቅ ትንሽ የስልክ ፕሮግራም ሠራና ላከላቸው። የመጀመሪያው ቀን ምሽት ስልኩ አዛን አሰማ። አባት ተምራቸውን ይዘው ወደ በሩ ወጣ አሉ፤ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ፀሐይዋ ከኮረብታው በላይ ቁጭ ብላለች። ተምሩን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡና ደወሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ያንተ ስልክ ፀሐይን አላያትም እንዴ?»

አላያትም። ልጁ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባው የአዲስ አበባን ኬንትሮስና ኬክሮስ ነበር። አዲስ አበባ 38 ከሦስት ሩብ ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት፤ አሶሳ ደግሞ 34 ተኩል። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። አራት ዲግሪ ከሩብ ሲባዛ በአራት፣ 17 ደቂቃ። አዲስ አበባ መግሪብ ሲሆን አሶሳ ፀሐይ ገና 17 ደቂቃ ያህል ይቀራታል። ለእኛ ለቡና ጠጪዎቹ 17 ደቂቃ ምንም አይደለም። ሙሉ ቀን ውኃ ሳይቀምስ ለዋለ ሰው ግን በ17 ደቂቃ ቀድሞ ማፍጠር ማለት የዚያን ቀን ፆም ማበላሸት ነው። የአባትየው ልማድ ደግሞ ደግ ልማድ ነው፦ ስልክም ቴሌቪዥንም ምንም ይበል፣ በር ከፍቶ ማየት።

ነገሩን ስንጎረጉር አንድ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። እንደ ፀሐይዋ ከሆነ የአሶሳ ቀትር የሚውለው 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ በአማካይ 6 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ላይ ነው። ምክንያቱም መላው ኢትዮጵያ የሚጠቀመው ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት የሚቀድመውን ሰዓት ነው፤ የዚህ ሰዓት ባለቤት የሆነው ኬንትሮስ 45ኛው ነው። 45ኛው ዲግሪ የት ነው የሚያልፈው ካላችሁ በሶማሌ ክልል፣ ዋርዴር አጠገብ። እንግዲህ አሶሳ በዋርዴር ፀሐይ ነው የምትኖረው! እኛ ኢትዮጵያውያን «ሰዓታችን ከፀሐይ ጋር ነው፣ ጎህ ሲቀድ አንድ ብለን እንጀምራለን» ብለን እንኮራለን። ኩራቱ እውነት አለው። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ አሶሳ ላይ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓትና በጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ግን ያ ቁጥር፣ ያ ሦስት፣ ከፀሐይ የመጣ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ወስኖታል።

ማን ወሰነው? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣፍጠው።

ኮምፒዩተር፣ ስልክ፣ የባንክ ማሽን፣ ሁሉም የዓለምን ሰዓት የሚያውቁት ከአንድ ዳታቤዝ ነው ማለት ይቻላል። አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመረው፣ ኋላ ፖል ኤገርት የሚባል የካሊፎርኒያ ምሁር ያስተካክለው የያዘው ነው። የትኛው አገር መቼ ሰዓቱን እንዳስቀደመ፣ መቼ እንደመለሰ፣ ከተማ በከተማ ተጽፏል። ስለ ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች የድሮ ሰዓት ግን መረጃው የተቀዳው ከየት መሰላችሁ? ቶማስ ሻንክስ የተባለ ሰው ካዘጋጀው አትላስ። አትላሱ የታተመው ለኮከብ ቆጣሪዎች ነው! የሰው ኮከብ ለማውጣት የተወለደበት ደቂቃ ስለሚያስፈልግ እነሱ ከማንም በፊት የዓለምን ሰዓት ሰብስበውት ነበር። በእኛ ቋንቋ፣ ስልካችን ስለ ኢትዮጵያ የድሮ ሰዓት ሲጠየቅ የሚገልጠው የፈረንጅ አውደ ነገሥት ነው። (ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የኮከብ ቆጠራ ሶፍትዌር የሚሸጥ አስትሮሌብ የተባለ ኩባንያ ኦልሰንንና ኤገርትን በቅጂ መብት ፍርድ ቤት ገተራቸው። ዳታቤዙ ለጥቂት ቀናት ከኢንተርኔት ወርዶ ነበር፤ ከዚያ ዓለም አቀፉ የኢንተርኔት ስያሜ አስተዳደር ተረከበው፣ ኩባንያውም በ2012 መጀመሪያ ክሱን አነሳ።)

አትላሱ ስለ እኛ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1890 ኢትዮጵያ ስድስት ተቀራራቢ የሰዓት ቀጠናዎች ነበሯት ይላል። አፄ ዮሐንስ መተማ ሲዘምቱ ስንቱን ቀጠና አቋርጠው ይሆን! ከዚያ ሁሉም ተጠቃለው በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ረጉ፤ ወደ ሦስት ሰዓት ያለፉት ደግሞ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936 ነው ይላል። ይህን ቀን ወደ እኛ ስትመልሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ይሆናል። የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን! እንደ ዳታቤዙ ከሆነ ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ሰዓት ከጣሊያን ጋር ነው የገባው። ንጉሠ ነገሥቱ ልክ በአምስት ዓመቱ በዚያው በሚያዝያ 27 ሲመለሱ ባንዲራው ተቀየረ፣ ሰዓቱ ግን ቀረ።

ኤገርት ራሱ ግን ከዚህ መረጃ ጎን የጻፈው ማስታወሻ ላይ የሻንክስ ነገር ሳይሳሳት አይቀርም ብሎ አስቀምጧል። ሃቀኛ ሰው ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሰዓት ስትጠይቁ ስድስት ሰዓት መቀናነስ እንዳትረሱ የሚል ምክርም አክሎበታል። የባሰው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከ1970 ወዲህ አንድ ዓይነት ሰዓት ያላቸው አገሮች ተጠቃለሉና አዲስ አበባ የናይሮቢ ቅጽል ሆነች። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ኮምፒዩተር ስለ አዲስ አበባ ያለፈ ዘመን ሲጠየቅ የሚያነበው የኬንያን ታሪክ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ስንት ሰዓት እንደነበር ብትጠይቁት ከግሪንዊች 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማል ይላችኋል፤ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ናይሮቢ ላይ የደነገጉትን ማለት ነው። የኬንያው ታሪክ ቢያንስ ተጣርቷል። በ2020 አንድ ተቆርቋሪ ሰው የቅኝ ግዛቱን ጋዜጣ ከነቀኑና ከነገጹ ጠቅሶ አስተካክሎታል። የእኛን ነጋሪት ጋዜጣ እንደዚያ ያገላበጠለት ሰው ግን የለም። ወመዘክር ሄዶ አቧራ ለመቃም የሚደፍር ካለ እኛ ሻይ እንጋብዛለን።

ወደ አሶሳ እንመለስ። ልጁ ኬንትሮሱን አስተካከለ፣ ፕሮግራሙም ሰመረለት። ወሬው ድንበር ተሻገረና ደማዚን የሚኖሩ አጎቱ ለእኔም ላክልኝ አሉ። ቤርታዎች በሁለቱም አገር ስላሉ ሱዳን ዘመድ የሌለው አሶሳ ውስጥ ጥቂት ነው። ድንበሩ ራሱ የተሰመረው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዞች በፈረሙት ውል ነው፤ ኩርሙክን የመሰለች ከተማ ግማሿ ወዲህ ግማሿ ወዲያ ማዶ ሆና ቀረች። ደማዚን ከአሶሳ በስተሰሜን ናት፤ ኬንትሮሷ ከአሶሳ ጋር እኩል ነው ቢባል አልተጋነነም፤ በፀሐይ የሚለያዩት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ልጁም ብዙ አልተጨነቀም። የደማዚንን ቦታ አስገባ፣ ሰዓቱንም እንደኛው +3 ብሎ በጁ ጻፈው። ያኔ ትክክል ነበር። ጥቅምት 22 ቀን 2010 ጠዋት ግን አጎት ደወሉ። ሁሉም ሶላት በአንድ ሰዓት ተዛብቷል።

ምን ሆነ? ለዚህ ሰዓት የማስቀደምን ነገር ማንሳት ግድ ነው። ፈረንጆቹ በረጅሙ የብርሃን ወራቸው ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ያስቀድማሉ። የጀመረችው ጀርመን ናት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1916፣ በጦርነት መሃል፣ ማታ ማታ የሚነደውን ለመቆጠብ። አንዳንዶች «የበጋ ሰዓት» ብለው ይተረጉሙታል፤ አያስኬድም፣ የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነውና። ዋሽንግተን ዘመድ ያለው ሁሉ ግን ጣጣውን ያውቀዋል፦ «ሰዓት ተቀይሯል እኮ፣ ከእንቅልፌ ነው የቀሰቀስከኝ!» (ዘዴ እንንገራችሁ። የእጅ ሰዓታችሁን በሐበሻ አቆጣጠር አንብቡና እነሱ ሲያስቀድሙ አንድ፣ ሲመልሱ ሁለት ቀንሱ። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እነሱ በማርችና በኖቬምበር መካከል ሌሊት 2 ላይ ናቸው፣ በቀረው ጊዜ ሌሊት 1 ላይ።)

ሱዳንም ይህን ሞክራዋለች፣ ያውም ሁለት ዓይነት። ዳታቤዙ እንደሚለው እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1985፣ ከኒሜሪ ዘመን ጋር ይገጥማል ማለት ነው፣ በኤፕሪል መጨረሻ አስቀድማ ኦክቶበር 15 ትመልስ ነበር። በዚያ ዘመን ኩርሙክ ላይ በዝናቡ ወራት ወዲህና ወዲያ ማዶ እኩል ሰዓት፣ በደረቁ ወራት የአንድ ሰዓት ልዩነት። ከዚያ ጥር 6 ቀን 1992 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 15፣ 2000) የበሽር መንግሥት ሰዓቱን በአንድ አስቀድሞ እዚያው ተወው። ካርቱሞች «ቡኩር» አሉት፣ ማለዳ መነሳት እንደማለት። ለካርቱም ፀሐይ ይኼ ሃምሳ ደቂቃ ያህል መቅደም ነው፤ ሕፃናት በጨለማ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ እየተባለ ወደ አሥራ ስምንት ዓመት ታጉረመረመበት። በመጨረሻ ጥቅምት 22 ቀን 2010 (ኖቬምበር 1፣ 2017) መለሱት። ደቡብ ሱዳን ተገንጥላ ስትሄድ ያንኑ ሰዓት ይዛ ሄዳ ነበርና እሷም ጥር 24 ቀን 2013 መለሰች።

ድንበር ላይ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው በባለ ዘንግ ሰዓት ነው። በእነዚያ አሥራ ስምንት ዓመታት የእኛና የሱዳኖች ሰዓት ልክ በስድስት ይለያይ ነበር። የእኛ 2 የእነሱ 8 ነው። ስለዚህ ቀላል ዘዴ ነበረ፦ አጭሩ ዘንግ ጫፉ የእኛን ሲያሳይ፣ ከጀርባው ትይዩ ያለው ቁጥር የእነሱ ነው። ከ2010 ጥቅምት ወዲህ ዘዴው ለሱዳን አይሠራም። የእኛ 2 የእነሱ 7 ሆነ። «በሁለት ሰዓት ገበያ እንገናኝ» የተባባሉ ነጋዴዎች በማን ሁለት? በየትኛው ሁለት?

አሁን ወደ ፕሮግራም ሠሪዎች። ሰዓቱን ነካክቶ በማያውቅ አገር ያደገ ፕሮግራም ሠሪ አንድ ክፉ ልማድ ይይዛል፤ እኛም ይዘናል። ቀን ማለት 24 ሰዓት ነው፣ ልዩነት ማለት +3 ነው፣ በቃ። «ነገ በዚሁ ሰዓት» ለማለት 86,400 ሰከንድ ይደምራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕይወቱን ሙሉ ሳይሳሳት ሊኖር ይችላል። ደማዚን ላይ ግን ጃንዋሪ 15፣ 2000 የ23 ሰዓት ቀን ነበር። ቀትር 12 ሲል ወዲያው 1 ሆነ፤ ያን ቀን 12 ሰዓት ተኩል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያን ሰዓት የተጻፈበት የልደት ካርድ ቢኖር ልጁ ባልነበረ ደቂቃ ተወልዷል። ኦክቶበር 31፣ 2017 ደግሞ የ25 ሰዓት ቀን ነው። እኩለ ሌሊት ሲደርስ ወደ 11 ተመለሰና ከ11 እስከ 12 ያለው ሰዓት ሁለት ጊዜ መጣ። በዚያች ሌሊት አንድ ጭነት መኪና 11፡40 ላይ ከደማዚን ተነሳ እንበል፤ ቀጣዩ ኬላ የሚደርሰው 11፡20 ላይ ነው። መዝገቡ ላይ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ደርሷል! ሾፌሩ አልበረረም፣ ሰዓቱ ነው ያፈገፈገው።

መድኃኒቱ ይታወቃል። የሆነ ነገር የሆነበትን ቅጽበት በዓለም አቀፉ ሰዓት መዝግብ፤ ለሰው ስታሳይ ቁጥር ሳይሆን የቦታ ስም ስጠው፣ «+3» ሳይሆን «አፍሪካ/ካርቱም»፤ የቀረውን ዳታቤዙ ያሰላዋል። ይህን ማንም የትምህርት መጽሐፍ ይነግራችኋል። ብዙ የማይነገረው ግን ይኼ ነው፦ ለወደፊት ቀጠሮ ተቃራኒውን ማድረግ አለባችሁ። በሴፕቴምበር 2017 አንድ ሰው ለኖቬምበር 5 ጠዋት 9 ሰዓት ካርቱም ላይ ቀጠሮ ያዘ እንበል። ፕሮግራሙ ይህን ወደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ለውጦ 6 ሰዓት ብሎ አስቀመጠው። ቀኑ ሲደርስ ያው 6 ሰዓት በአዲሱ ሒሳብ 8 ሆኖ ይወጣል። ሰውየው አንድ ሰዓት ቀድሞ በር ላይ ይቆማል። ቀጠሮ የተያዘው ከቅጽበት ጋር ሳይሆን ከካርቱም የግድግዳ ሰዓት ጋር ነውና መቀመጥም ያለበት እንደተባለው ነው፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ከተማው። መንግሥት ሐሳቡን ቢቀይር እንኳ ቀጠሮው አብሮ ይሄዳል። መንግሥታት ደግሞ ሲቀይሩ ቀድሞ መንገር አይወዱም። የሱዳኑን ለውጥ የያዘው የዳታቤዙ እትም የወጣው ከለውጡ 12 ቀን ቀደም ብሎ ነበር፤ የደቡብ ሱዳኑ ደግሞ 8 ቀን። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰርቨሮች ይታደሱ ይሆናል፤ አሶሳ ገበያ ላይ በሦስተኛ እጅ የተሸጠ ስልክ ግን አምራቹ ከረሳው ቆይቷል።

የአጎትየው ስልክ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ዝማኔ የሚባል ነገር አይመጣለትም። ልጁ በስልክ እየመራ መፍትሔ አበጀላቸው፦ ከካርቱም ይልቅ ካይሮን ምረጡ አላቸው፤ ካይሮ ያኔ ዓመቱን ሙሉ +2 ነበረች። በጣም ብልህ ነኝ ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2023 ግብጽ ትታው የነበረውን ሰዓት ማስቀደም እንደገና ጀመረች።

ሁላችንም ያው ነን፤ እኛም ዊንዶውስ ኮምፒዩተራችን ላይ ናይሮቢ ብለን ነው የምንኖረው፣ ዝርዝሩ ላይ አዲስ አበባ ስለሌለች። ኬንያ አንድ ቀን ሰዓቷን ብትቀይር ስንቱ ቢሮ ተሳስቶ ያድር ይሆን?

ይኼ ሁሉ የሶላትና የቀጠሮ ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ባበቃን። ግን በዚያው ክልል፣ ጉባ ላይ፣ ህዳሴ ግድብ አለ፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው። (ጳጉሜን! አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ቅጽ ላይ ይህን ቀን ለማስገባት ሞክሩ እስቲ።) ከግድቡ በታች፣ ደማዚን አጠገብ፣ የሱዳኑ ሮዛሪስ ግድብ አለ። ወንዙ አንድ ነው። በየሰዓቱ የሚለቀቀውን ውኃ አንዱ በ+3፣ ሌላው በ+2 ቢመዘግብና ሁለቱን ዝርዝር አንድ ጀማሪ ባለሙያ ቀጠናቸውን ሳያይ ጎን ለጎን ቢለጥፋቸው፣ ውኃው ሮዛሪስ የደረሰው ከእውነቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይመስላል። የ2009ን መዝገብ በዚያው መንገድ ቢለጥፍ ግን ልክ ይመጣል፤ የ1970ዎቹን ደግሞ በሰዓት ማስቀደሚያው ወራት ልክ፣ በሌላው ስህተት። ስለ ጎርፍና ስለ ውኃ አለቃቀቅ ሁለት አገሮች በሚጨቃጨቁበት ወንዝ ላይ የአንድ ሰዓት የወረቀት ስህተት ማንን ተጠያቂ እንደሚያስደርግ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያሻም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። አጎትም በሚቀጥለው ዓመት ቤተሰባቸውን ይዘው በኩርሙክ በኩል ተሻገሩና አሶሳ እህታቸው ቤት ገቡ። በረመዳን ልጁ ሊጠይቃቸው ሄደ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በር ላይ ቁጭ ብለው ምዕራብ ምዕራብ ያያሉ። የአጎት ስልክ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ ላስተካክለው ሲል አጎት እጁን ያዙት።

«ተወው፣ የቤቴ ሰዓት ነው» አሉ። ልጁም ተወው። ፕሮግራሙ ላይ ግን አንድ መስመር ጨመረ፤ አሁን ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ያሳያል፣ የአሶሳንም የደማዚንንም።